ቢንቢ የናቀችው ክንድ

ልብስ ሰፊው ሃያ ሁለት ዓመት ኮት ሲሰፋ ኖሮ አንድም ቀን ጋዜጣ ላይ አልወጣም፤ ክንዱ ግን ወጣ። ግራ ክንዱ፣ ከክርኑ እስከ መዳፉ፣ ያለ ፊት፣ ያለ ስም። ሚስቱ የምትመራው የምርምር ተቋም መግቢያ ላይ በር የሚያህል ፎቶግራፍ ሆኖ ተሰቅሏል። መረብ የተወጠረበት ሣጥን ውስጥ የገባ ክንድ ነው፤ ዙሪያውን መቶ የራባቸው ቢንቢዎች ያንዣብባሉ፤ ክንዱ ላይ ግን ለዓይነት እንኳን አንዲት የለችም። ከሥሩ «ተሳታፊ ቁጥር አንድ» ይላል።

ሚስቱን የማያውቅ የለም። ቢንቢ አንዱን በልታ አጠገቡ የተኛውን ለምን እንደምታልፈው ያገኘችው እሷ ናት። ቆዳችን ላይ ያለች ስስ ቅባት ናት፤ ከሰው ሰው ትለያያለች፤ የአንዱ ቅባት ቢንቢን ሲጋብዛት የሌላው ያባርራታል። በዚህች ቅባት የተነሣ በየአገሩ ይጠሯታል፣ ንግግር አድርጊልን ይሏታል፣ አንገቷ ላይ ሜዳልያ ያጠልቁላታል። ሰው «የቢንቢዋ ፕሮፌሰር» ይላታል። ባሏን ደግሞ ሰፈርተኛው «ቢንቢ የናቀችው» ይለዋል። ዝንቡን እሽ የሚለው የሌለ ሰው ይፈራል፤ ልብስ ሰፊው ግን እሽ ሳይላት ቢንቢዋ ራሷ መንገድ የምትለቅለት ሰው ነበር፤ ይህም ምንም ክብር አላስገኘለትም።

ሲተዋወቁ ፕሮፌሰርም ዶክተርም አልነበረችም። እጅጌው የረዘመባት ነጭ ጋውን የለበሰች ቀጭን ተማሪ ነበረች። ጋውኑን ልታሳጥር ሱቁ ገባች፤ በእጇ አፉ በሻሽ የታሰረ ብርጭቆ ይዛለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አላት፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ።

«ቢንቢ» አለች፣ ሌላው ሰው «ዳቦ» እንደሚል።

«ምን ይሠራልሻል?»

«ሰው ይነክስልኛል። እጅህን ለአንድ ደቂቃ ትሰጠኛለህ?»

ልጅቷ ቆንጆ ነበረች። እንኳን እጁን፣ ሱቁን ከነማሽኑ ብትለው ይሰጣት ነበር። ብርጭቆውን ክንዱ ላይ ደፋችው። አንድ ደቂቃ ሞላ፤ አምስት ሞላ። ቢንቢዎቹ የብርጭቆውን ግድግዳ ሙጭጭ ብለው ይዘው ጀርባቸውን ሰጡት። ልጅቷ ቀስ ብላ ቀና አለችና አየችው። ሴት እንደዚያ አድርጋ አይታው አታውቅም፤ የወለደችው እናቱም ቢሆን።

«አንተ ምንድን ነህ?» አለችው።

«ልብስ ሰፊ» አላት።

በስድስተኛው ወር ተጋቡ። ከሱቁ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ገቡ፤ ቢንቢዎቹም አብረው ገቡ። ጠዋት ጠዋት፣ እሱ ሱቅ ሳይከፍት፣ እሷ ትምህርት ቤት ሳትሄድ፣ መረብ የተወጠረበትን ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ትይዩ ይቀመጣሉ። ክንዱን እሷ ራሷ በአልኮል ትጠርግለታለች፤ ከዚያ እሱ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ በአንዱ ቀዳዳ ያስገባል፣ እሷ በሌላው። ቢንቢዎቹ እሷን ይበላሉ፣ እሱን ይንቃሉ። ይህ ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል። ክንዱ ሣጥን ውስጥ የገባ ሰው ተነሥቶ አይሄድም፣ ስልክ አያነሣም፣ አያኮርፍም። ስለዚህ ያወራሉ። ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው ደንበኛ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ እንደተለካ፣ የትኛው መምህር ትምህርቱን ሲያነብ እንደሚያዛጋ፣ ልጅ ሊወልዱ እንደሞከሩና እንዳልሆነ፣ ባይሆንም እንዴት እንደሚኖሩ፤ ሁሉም እዚያች ሣጥን ላይ ተወራ። ክርክሩ እየጠነከረ ከመጣ ሰዓቱ ያልቅና እሷ ያበጠ ክንዷን እያከከች ትስቃለች።

ዐሥር ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ ጥናቷ ታተመ፤ ሰው ሁሉ «እሰይ» አላት፤ ተቋሙ ተቋቋመላት። ባለ መስታወት ክፍል፣ ጋውን የለበሱ ሠራተኞች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ማሽን መጣ። ቀጭን ሰው ሠራሽ ቆዳ የተወጠረበት፣ ደም እያሞቀ ቢንቢ የሚመግብ ማሽን። ክንድ አያስፈልገውም። ልብስ ሰፊው ሊያየው ሄዶ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። እድሜውን ሙሉ ማሽን ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ቀን በማሽን እተካለሁ ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

ጠዋት ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው ሣጥን ቀረች። ፕሮፌሰሯ ጠዋት ቆማ ሻይ ትጠጣለች፤ በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው ቦርሳ። እሱ «ትናንት አንድ ሙሽራ...» ብሎ ሲጀምር እሷ ደረጃ ላይ ናት። መድረክ ላይ ስትናገር ሰምቷታል፤ «ተሳታፊ ቁጥር አንድ በሕይወቴ ትልቁን ጥያቄ ያስጠየቀኝ ሰው ነው» አለች፣ ሰው አጨበጨበ፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰውዬም ወደ እሱ ዞሮ «ይሄ ሰውዬ በሕይወት አለ?» ብሎ ጠየቀው።

«እንጃ» አለ ልብስ ሰፊው።

ነገሩ የፈነዳው በካፖርት ነው። ትልቁን ሽልማት ልትቀበል ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ ካፖርት ሰፋላት። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ገበሩ ሐር፣ ቁልፍ ማስገቢያዎቹ አንድ በአንድ በእጅ የተጠለፉ። ትከሻው እንደ ሁለተኛ ቆዳ እንዲቀመጥ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ገጠመው። በሠላሳ አንደኛው ቀን አለበሳትና ዙሪያዋን ዞሮ ሲያያት ልቡ ቅቤ ጠጣ። እሷም «ኧረ ቆንጆ ነው» ብላ ጉንጩን ሳመችውና ሮጠች።

በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ፎቶዋ ወጣ። ፕሮፌሰሯ መድረክ ላይ በስስ ሸሚዝ ቆማ ፈገግ ብላለች። ካፖርቱም አለ። አጠገቧ ካለው የቢንቢ ሣጥን ላይ እንደ አልጋ ልብስ ተደፍቷል።

በማግስቱ፣ እሷ ስትመለስ፣ ልብስ ሰፊው ጋዜጣውን አጣጥፎ ከስኒዋ ሥር አደረገላት።

«ካፖርቱ ሞቀሽ?»

«የቱ ካፖርት?» አለች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሯ ሳታነሣ።

«ቢንቢዎቹን የሞቃቸው።»

ያኔ ቀና አለች። «አ፣ እሱን ነው? የመድረኩ መብራት እኮ ሊያደርቃቸው ነበር። የምደፋባቸው ሌላ ነገር አጣሁ።»

«ሠላሳ አንድ ቀን ነው የሰፋሁት።»

«እነሱ ደግሞ በሕይወት የሚቆዩት ሠላሳ ቀን ነው» አለች። ክፋት አስባ አይደለም። ቢንቢ የምትኖረው ሠላሳ ቀን ነው፤ እውነቱን ነው የተናገረችው። ልብስ ሰፊውን ግን ሆድ ባሰው። ትልቁን መቀሱንና ሜትሩን አንሥቶ፣ ሁለት ሸሚዝ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ደረጃውን ወረደና ሱቁን ቆልፎ ሄደ። ፕሮፌሰሯ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ስለመሰላት «ቀዩን አምጣ» ብላ ከኋላው ተጣራች።

የሄደው ታላቅ እህቱ ዘንድ ነው። እትዬ ሁለት ባሎች ቀብራ ሦስተኛውን እምቢ ያለች፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ያላት ሴት ናት። ከትልልቅ በርሜሎች የሚነሣው እንፋሎት ውስጥ ቆማ ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። ለመጣላት ሁለት ሰው ቤት መገኘት አለበት።»

«ግባ» አለች። «መጀመሪያ ግን የለበስከውን አውልቅ። ድሮም አንተ የልብስ ሣጥን ትሸታለህ።»

አወለቀ። እትዬ ሸሚዙን፣ ሱሪውን፣ ሹራቡን፣ ሲመጣ ያደረገውን ኮፍያ ሳይቀር በርሜል ውስጥ ከተተችና ቀቀለችው። እሱንም በሳሙና ፈትጋ፣ ልጅ ሳለ እንደምታደርገው ጆሮውን ጠምዝዛ ካጠበችው በኋላ አንድ ክፍል ሰጠችው። ሱቁ ከቤቱ ሥር ስለሆነ ኩራቱ ወደዚያ አላስኬደውም። እንፋሎቱ መሐል ተቀምጦ የደንበኞችን የተቀደደ ኪስና የላላ ቁልፍ ሲጠግን ሦስት ሳምንት አለፈው። ጠዋት ሲነሣ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ራሱን ያገኘዋል።

«ምን ትጠብቃለህ?» ትለዋለች እትዬ።

«ምንም።»

«እሱን ምንምህን ብላ» ትልና ቁርሱን ክንዱ ላይ ልታስቀምጥ ምንም አይቀራትም።

በሃያ አንደኛው ቀን መነጽሩ መጣ። መነጽሩ የፕሮፌሰሯ ዋና ረዳት ነው፤ ስሙን ማንም አይጠራውም፤ የመነጽሩ ውፍረት ስሙን አስረስቷል። እንፋሎቱ ዓይኑን ስለጋረደበት መጀመሪያ ለተሰቀለ ካፖርት እጅ ነሣ። ከዚያ ልብስ ሰፊውን አግኝቶ ማኅተም ያለበት ፖስታ ሰጠው።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ለተሳታፊ ቁጥር አንድ። በመጪው ሐሙስ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ከየአገሩ የመጡ ሳይንቲስቶች በተገኙበት ለሚካሄደው ሠርቶ ማሳያ፣ ክንድዎን ይዘው እንዲገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን።» ከሥሩ የሚስቱ ፊርማ አለ።

ልብስ ሰፊው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ጆሮው ቀላ።

«ጋሼ፣ እኔ አልጻፍኩትም» አለ መነጽሩ። «ጸሐፊዋ ናት፤ ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚጻፈው። ፕሮፌሰሯ ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት። እንዲያውም ሰሞኑን ምንም አያነቡም። ትናንት የክፍላቸውን ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ቢንቢዎቹን ደግሞ ቦርሳቸው ውስጥ አገኘናቸው።»

ልብስ ሰፊው የልክ ወረቀት ቀደደና ጨርቅ በሚያሰምርበት ጠመኔ ጻፈ፦ «ተሳታፊ ቁጥር አንድ ሥራ ለቋል። ክንዱ የሚገኘው ከባለቤቱ ጋር ነው። ባለቤቱ እህቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት አለ። የምትፈልገው መጥታ ትጠይቀው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሯ መጣች። በየአገሩ ቀይ ምንጣፍ የሚነጠፍላት ሴት የልብስ ማጠቢያውን ደፍ ስትረግጥ እትዬ ቀና እንኳን አላለችም።

«እትዬ፣ ደኅና ነዎት? ባለቤቴን ላናግር ነበር።»

«ተራ ያዢ» አለችና ቁጥር የተጻፈባት ካርቶን ሰጠቻት። ሃያ ሰባት ይላል።

ፕሮፌሰሯ አልተከራከረችም። ቆሻሻ ልብስ ከታቀፉ ሰዎች መሐል አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ በቀዳዳ ያያታል። ጋውኗን ገልብጣ ለብሳለች፤ ስፌቱ በውጭ ነው። እጁ በላው። ሄዶ ሊያወልቃት፣ አቅንቶ ሊያለብሳት ፈለገ፤ ግን ቁጥሩ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ኩራትም ተራ አለው።

ሃያ ሰባት ሲጠራ ገባች።

«ዳቦ ልገዛ የወጣህ መስሎኝ ነበር» አለች።

«መቀስ ይዤ?»

«መቀሱን አላየሁትም።» ካርቶኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እስከ ማታ ጠበቅሁህ። ቀይ ዳቦ ነበር ያልኩህ፤ ምናልባት ቀዩ ጠፍቶ ሰፈር እያዞረው ይሆናል አልኩ።»

ልብስ ሰፊው ሊስቅ ነበር፤ ከንፈሩን ነከሰ። «ሐሙስ ሌላ ክንድ የላችሁም?»

«አለ። ግን ሰዎቹ የመጡት ያንተን ሊያዩ ነው። እኔም...» ብላ ቃሉ ጠፋባት። ስለ ቢንቢ ሦስት ሰዓት ያለ ወረቀት የምትናገረው ሴት እንደ ልጅ የጋውኗን ጫፍ ጠመዘዘች። «እባክህ። አፈር ስሆን።»

«አንድ ነገር አለኝ። ‹ተሳታፊ ቁጥር አንድ› ካልሽኝ ክንዴን ይዤ እወጣለሁ።»

«ምን ልበልህ ታዲያ?»

«እሱንም እኔ ልንገርሽ?»

ሐሙስ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊት ለፊት ከየአገሩ የመጡት ሳይንቲስቶች፣ ከኋላ ተማሪዎች፣ በጎን የቴሌቪዥን ካሜራ። መድረኩ ላይ ጠረጴዛና መረብ የተወጠረበት ሣጥን፤ ውስጡ ከትናንት ጀምሮ ምግብ ያልቀመሱ ሁለት መቶ ቢንቢዎች። ከበላይ ደግሞ ሣጥኑን አጉልቶ የሚያሳይ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን። እትዬ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ወንበር ተሰጥቷት ሳይንቲስቶቹን በየተራ እያየች የማን ኮሌታ በደንብ እንዳልታጠበ ትቆጥራለች።

ፕሮፌሰሯ ኮሌታዋ ላይ ትንሽዬ ድምፅ ማጉያ ተሰክቶላት ቆመች። «ክንዱን ታውቁታላችሁ» አለች። «ሰውየውን ግን አስተዋውቄያችሁ አላውቅም። ይሄ ባሌ ነው። ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ጋውን ላሳጥር ሄጄ ነው ያገኘሁት።»

ጭብጨባው ሲያስተጋባ ልብስ ሰፊው እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመ መድረኩ ላይ ወጣ። ንጹሕ በንጹሕ ለብሷል፤ ሸሚዙ ከእትዬ ካውያ አሁን የወጣ ነው። ክንዱን በአልኮል ጠረገችለት፤ እጅጌውን ጠቀለለ፤ አስገባ። ፕሮፌሰሯ ሰዓቷን ጫነች። ዐሥር ደቂቃ።

የመጀመሪያዋ ቢንቢ የመጣችው ወዲያው ነው። ስክሪኑ ላይ ድመት ታክላለች። ክንዱ መሐል ላይ አረፈች፣ እግሮቿን አመቻቸች፣ ጎንበስ አለች። ከኋላዋ ሁለተኛዋ መጣች፤ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ቆጥሮ መጨረስ አቃተ። ዐሥራ ስድስት ዓመት የናቁት ሁሉ ይቅርታ ሊጠይቁት የመጡ ይመስል ተግተልትለው ወረዱ።

ፕሮፌሰሯ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «ምን ሆነሃል?» አለችው።

«እየተበላሁ ነው።»

«አያለሁ። ምን ለውጠሃል?»

«ቤት።»

«ከቤት ሌላ።»

«ሚስት አልለወጥኩም፣ እሱን ከሆነ የምትጠይቂኝ።»

ከአዳራሹ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ሁለቱም አላስተዋሉም። ኮሌታዋ ላይ ያለችው ድምፅ ማጉያ እያንዳንዷን ቃል እስከ መጨረሻው ረድፍ እያደረሰች መሆኑን ረስተውታል።

«እጄን ላውጣው?»

«ስድስት ደቂቃ ይቀራል።»

«ዐሥራ ሰባት ሆነዋል።»

«ሃያ ሦስት ናቸው። ከሥር ያሉትን አልቆጠርካቸውም።»

«ስንት ዓመት ንቀውኝ ኖረው ዛሬ፣ በቴሌቪዥን ፊት?»

«አትንቀሳቀስ። ይኸውልህ፣ ካፖርቱን ያወለቅሁት ንቄው አይደለም።»

«‹የቱ ካፖርት› አልሽ።»

ስክሪኑ ላይ ቢንቢዎቹ ሆዳቸው ቀልቶ እንደ ፊኛ ይነፋል። «ብያለሁ» አለች። «ተመልሼ ብውጠው ደስ ይለኝ ነበር። ሌላስ?»

«ማሽኑ።»

«የቱ ማሽን?»

«ደም የሚያሞቀው። እኔን ሳታማክሪ ገዝተሽ በእሱ ተካሽኝ።»

ፕሮፌሰሯ ቀና ብላ አየችው። «በማሽን ቀናህ?»

«ቀናሁ» አለ፤ ክንዱ በመቶ መርፌ እየተጠለፈ፣ ላቡ እየወረደ። «ከዚህ ሁሉ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ጉዞ፣ ከሜዳልያው ሁሉ ያስቀናኝ እሱ ነው።»

አዳራሹ ተናጋ። ሳይንቲስቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይስቃሉ፤ ቋንቋውን የማይችሉት ደግሞ አስተርጓሚዎቻቸውን ጠብቀው አንድ አፍታ ዘግይተው ይስቃሉ፤ ስለዚህ ሳቁ በየተራ ይመጣል። መነጽሩ ከመድረኩ ጥግ ሆኖ የራሱን ኮሌታ እየጠቆመ ይወራጫል። ልብስ ሰፊው አየውና የሚስቱ ኮሌታ የተጣመመ መሰለው። በነፃ እጁ ሊያቃናላት ድምፅ ማጉያዋን መታት፤ ከጣሪያው «ዷ» የሚል ድምፅ ወረደ። ያኔ ሁለቱም ገባቸው። ያኔ ሁለቱም ኩም አሉ።

ከዚያ ፕሮፌሰሯ መሳቅ ጀመረች። በጋዜጣ ላይ የምትታየው ፈገግታ አይደለም፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ ነው። እሱም ተከተላት። ሲስቅ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ቢንቢዎቹ ተነሥተው ተመልሰው ያርፋሉ። እንዲህ እያለ ዐሥር ደቂቃው ሞላ።

የልዑካኑ መሪ፣ ጺማም ሽማግሌ፣ እንባውን በመሐረብ እየጠረገ ተነሣ። «ፕሮፌሰር፣ ይህን እንዴት እንረዳው?»

ልብስ ሰፊው ሚስቱን አየና ፈራላት። የዐሥራ ስድስት ዓመት ድካሟ ከክንዱ ጋር የተበላ መሰለው።

ፕሮፌሰሯ ዓይኗን ጠረገች። «አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰዎችን በጥንቃቄ መርምሬያለሁ፤ የእነሱ ውጤት ባለበት ነው» አለች። «ስለ አንድ ሰው ግን ተሳስቻለሁ። አብሬው የምኖረውን አልመረመርኩትም፤ የማውቀው መስሎኝ ነበር። እርማቱን እኔው ጽፌ አወጣለሁ።» ቀጥላም «አሁን ክንዱ ስላበጠ ወደ ቤት ልወስደው ነው» አለች። ለእንግዶቹ ክብር የተዘጋጀ ምሳ ነበር፤ ትታው ወጣች። እትዬ በእሷ ፈንታ ከጺማሙ ሽማግሌ ጎን ተቀምጣ በላች።

መንገድ ላይ ክንዱ ዳቦ አክሎ ነበር። «ወደ ላይ አንሣው» አለችው፤ «እብጠቱ ይወርዳል። እንዳታከው።» ሰማዩን እንደሚነካ አነሣው። አንድ አምሳ እርምጃ ሳይሄዱ ከሰገነት ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት እጇን አውለበለበችለት። ከማዶ አንድ ፀጉር አስተካካይ መቀሱን ይዞ ወጥቶ ሰላም አለው። የትምህርት ቤት ልጆች በሰልፍ ሲያልፉ ሁሉም እጃቸውን አወጡ፤ መምህራቸው ተቆጣቻቸውና መልሳ ራሷ ሰላም አለችው። ልብስ ሰፊው ክንዱን ማውረድ አይችል፤ ጭንቅላቱን በየአቅጣጫው እየነቀነቀ አጸፋውን መለሰ።

«ይሄን ሁሉ ሰው ታውቀዋለህ?» አለችው ሚስቱ፤ ሳቅ እግሯን አስሯት ግድግዳ ይዛ ቆማለች።

«አሁን ነው የተዋወቅነው።»

ያኔ አንድ አውቶቡስ ጎማውን እያንጫረረ አጠገባቸው ቆመ። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። «እጅህን አውጥተህ አስቁመህ ቆመህ ትቀራለህ እንዴ? ግባ እንጂ» አለ። ተያዩ። የት እንደሚሄድ አልጠየቁም፤ ገቡ።

የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ክንዱ አሁንም ከተሳፋሪው ሁሉ በላይ ቆሟል። ፕሮፌሰሯ ወደ እሱ ተጠጋችና አፍንጫዋን አንገቱ ላይ፣ ከዚያ ደረቱ ላይ፣ ከዚያ የእጅጌው ጥቅልል ላይ አድርጋ አሸተተችው። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ።

«ሽታህ የለም» አለች።

«እትዬ ቀቀለችኝ።»

«ምን ምን ነበር የምትሸተው? ቆይ፣ ቆይ። ሱፉን ብል እንዳይበላው ሱቅህ ውስጥ የምትበትናት ነጭ እንክብል...»

«ናፍታሊን?»

«ክንድህን በአልኮል እጠርገዋለሁ፤ እጅጌህን ግን አንድ ቀን አላሰብኩትም። ከአፍንጫዬ ሥር ነበረ እኮ።» ግንባሯን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። «ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ሽታ አንተ መስሎኝ።»

«እኔም እኔ መስሎኝ ነበር» አላት።

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ፣ ሳትስቅ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ሱቁን በትርፍ ቁልፍ ከፍታ ጣቃዎቹ መሐል እየተቀመጠች ሻይዋን ስትጠጣ እንደሰነበተች ነገረችው። አንድ ቀን እዚያው እንቅልፍ ጥሏት መነጽሩ ሲፈልጋት እንደዋለ ነገረችው። ልብስ ሰፊው በግራ ክንዱ ሊያቅፋት አልቻለም፤ በቀኙ ዞሮ ለመድረስ ሲሞክር አውቶቡሱ ታጠፈና ጭንቅላታቸው ተጋጨ።

እርማቱ ከሁለት ወር በኋላ ታተመ። አንዳንዱ ሳቀባት፣ አብዛኛው አከበራት። ጥሉ ግን አልቀረም። ፕሮፌሰሯ እንዳልነበረች ሆና አልተለወጠችም። አሁንም ትረሳለች፣ አሁንም ደረጃ ላይ ሆና ትመልሳለች። ልዩነቱ እሱ አሁን ደረጃውን ተከትሎ እየወረደ፣ ሰው እየሰማው፣ «ጨርሼ አልተናገርኩም» ይላታል፤ እሷም ትቆማለች። አንዳንዴ ብቻ።

ያን ቀን ግን አውቶቡሱ ከሚያውቁት ሰፈር ወጥቶ፣ ፋብሪካዎቹን አልፎ፣ ሜዳ ሜዳውን መሄድ ጀምሮ ነበር። እሷ ክንዱን ወደ ጭኗ አወረደችና ያበጡትን አንድ በአንድ መቁጠር ያዘች።

«ዘጠና አራት» አለች።

«ዘጠና አምስት» አላት፤ ከክርኑ ሥር ያለችውን አሳያት።

ሹፌሩ በመስታወቱ አያቸውና «ወራጅ አለ?» አለ። አሮጊቷ ዞር ብለው ጠበቁ። ማንም አልመለሰም፤ አውቶቡሱ ቀጠለ።